ባሶ ላይ ያደረ ሰው፦ አምስት ቀን በጎጃም

ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሹፌሩ መዝሙር ከፍቷል። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች የጥምቀት ድካም ገና አልወጣላቸውም። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ዓይናችንን ያልከደንነው እኔና ሹፌሩ ብቻ ነን።

ሥራዬ ዳስ መሥራት ነው። የሠርግ ዳስ አይደለም፤ የኤግዚቢሽንና የባዛር ነው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዘመን መለወጫ ባዛር ሲዘጋጅ ነጋዴው የሚቆምባትን ሦስት በሦስት ሜትር ቦታ እኔና ባልደረቦቼ እናቆማለን። በዓሉ ሲያልፍ እንነቅላለን። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቆርቆሮውና እንጨቱ ተጭኖ ሲሄድ ባዶውን ሜዳ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ያሳስበኛል። እዚህ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ለከተማው ምን ተረፈው?

ይህ ጥያቄ ብዙ አስነብቦኛል። በተለይ የአንድ ከተማ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ሳን አንቶኒዮ ትባላለች፤ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቆረቆረችበትን 250ኛ ዓመት ስታከብር ሄሚስፌር የተባለ ዓለም አቀፍ ኤክስፖዚሽን አዘጋጀች። ከኤፕሪል 6 እስከ ኦክቶበር 6፣ ስድስት ወር ሙሉ ማለት ነው። ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ከተማዋ ከዚያ በፊት ይበልጥ የምትታወቀው በጦር ሰፈሮቿ ነበር። ለትርኢቱ ተብሎ 229 ሜትር የሚረዝም ማማ ቆመ። የስብሰባ አዳራሽ ተሠራ። በመሀል ከተማ የሚያልፈው ትንሽ ወንዝ ዳር የነበረው የእግር መንገድ እስከ ትርኢቱ ግቢ ተቀጠለ። እንግዳው ማደሪያ ስለሚያስፈልገው ባለ 21 ፎቅ ሆቴል በ202 የሥራ ቀን ተጠናቀቀ። ክፍሎቹ ሌላ ቦታ ከነዕቃቸው ተሠርተው በክሬን እየተነሱ እንደ ሣጥን ተደራረቡ።

ኤክስፖዚሽኑ ራሱ በኪሳራ ነው የተዘጋው። ግቢው የተገኘውም አንድ የቆየ ሰፈር ፈርሶ፣ ነዋሪው ከቤቱ ተነስቶ ነው። ይህን የሚዘል ሰው ታሪኩን ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው። ሆኖም ሆቴሉ፣ አዳራሹና የወንዝ ዳሩ መንገድ ቀሩ። ዛሬ ከሳን አንቶኒዮ ትልልቅ የገቢ ምንጮች አንዱ እንግዳ ነው።

ይህን አንብቤ ስጨርስ የኛስ አልኩ። የኛ ትልቅ መሰብሰቢያ የት ነበር? መልሱን ያገኘሁት ከእናቴ አፍ ነው። እናቴ የጎጃም ልጅ ናት። ልጅ ሳለሁ ሱቅ ልካኝ ዕቃ አብዝቼ ስመጣ «ባሶ የወረድሽ መሰለሽ?» ትለኝ ነበር። ባሶ የሚባለው የድሮ ገበያ የት እንደሆነ አልጠየቅኳትም ነበር። አሁን ልጠይቅ መንገድ ጀመርኩ።

ጎሃ ጽዮን ላይ ቁርስ በልተን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ጀመርን። ብርዱ እዚያው ዳገቱ ላይ ቀረ። ሹራቤን አወለቅሁ። የተጫኑ የጭነት መኪኖች በከባድ ማርሽ ወደ ታች ይንፏቀቃሉ፤ የፍሬናቸው ሽታ በመስኮት ይገባል። ታች ሁለት ድልድይ ይታያል፤ አሮጌውና በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ። ለመሻገር አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብንም።

ድልድይ ያልነበረበትን ዘመን አሰብኩ። ክረምት ሲገባ አባይ ይሞላል። ሲራራ ነጋዴ ወዲህም ወዲያም ማለት አይችልም፤ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል። በበጋ በመልካው ይሻገራል። በቅሎና አህያው እየዋኘ፣ ዕቃው እንዳይረጥብ ሰው እየተጨነቀ፣ አዞ እየተፈራ። የጎጃምና የማዶው ንግድ ስለዚህ ወቅት ነበረው። የዓለም ኤክስፖዚሽን በስምምነት ደንቡ ከስድስት ወር አይበልጥም። የባሶን ወቅት የወሰነው ግን የወረቀት ደንብ ሳይሆን አባይ ነው።

ደጀን ወጣን። ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው፤ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ ክምር፣ ውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች። ደብረ ማርቆስ የገባነው ቀትር ላይ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ልጆች ከበቡን። «አልጋ! አልጋ አለ እኅቴ! ንጹሕ አልጋ!» አንዱ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ወደፊት ነጎደ።

ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተሳለምኩ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ደብር ነው፤ በፊት መንቆረር ትባል ነበር። የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ሲሆኑ፣ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከፍ ያደረጓት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ደክሞኝ ስለነበር በጊዜ ተኛሁ።

ጥር 15፣ የጁቤ

የድሮው የባሶ ገበያ ሜዳ ያለባት የጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ባሶ ሊበን ወረዳ ውስጥ ናት። በሚኒባስ ሄድን። አጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ፣ ዱላውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ ነበር። የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። «የባሶን ገበያ ለማየት» አልኩት። «ዛሬ ገበያ የለም እኮ» አለኝ አዝኖልኝ። አስቤበት ነው የመጣሁት። ገበያ በሌለበት ቀን ሜዳውን ማየት ፈልጌ ነበር፤ እኔ ዳስ ከነቀልኩ በኋላ እንደማየው ዓይነት።

ባሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ውስጥ ቆይቶ ስለ አገሩ ንግድ ጽፏል። ሰውየው ከንግድ ሥራ የመጣ ስለነበር ዕቃና ዋጋ ያውቃል። የባሶን ነገር ከጻፉት ቀዳሚ አውሮፓውያን አንዱ እሱ ነው። ለንደን በመስተዋት የተሠራውን ታላቁን አዳራሿን አቁማ የመጀመሪያውን የዓለም ኤክስፖዚሽን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ባሶ ያን ጊዜ ከሩቅ አገር ሰው መሰብሰብ የለመደች ገበያ ነበረች። አዳራሽ አልነበራትም። ሜዳና ውሃ ነበራት።

ከአባይ ማዶ፣ በጉድሩ በአሰንዳቦ በኩል፣ ከሊሙ እናርያና ከከፋ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማና ዝባድ ይመጣል። ዝባዱ በከብት ቀንድ ታሽጎ ነው የሚጓዘው። ከሰሜን ደግሞ የጎንደር፣ የደሪጣና የአድዋ ነጋዴ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና ማርትሬዛ ብር ይዞ ይወርዳል። እዚህ ይለዋወጣሉ። ከዚህ የተገዛው ዕቃ በጎንደር አድርጎ ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይሄዳል። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የመጣ ነው። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ለአንድ ብር የሚመነዘረው አሞሌ ቁጥሩ ያንሳል። ስለዚህ ነጋዴው ገንዘብ አድርጎ የያዘው ጨው ራሱ በየኬላው ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ሸቀጥም ነው፣ ገንዘብም ነው።

ሻይ ቤት ገብቼ ስለ ድሮው ገበያ የሚያወራኝ ሰው ፈለግሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት አንድ ልጅ ላከችልኝና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባት ቤት ወሰደኝ። ነጭ ጋቢ ለብሰው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እሳቸውም አልፈለጉም።

«አባባ፣ ስለ ባሶ ልጠይቅዎት መጥቼ ነው» አልኳቸው።

«ከየት ነው ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ። እናቴ ግን የዚሁ የጎጃም ናት።»

«እንግዲያማ ከቤትሽ ነው የመጣሽው። ቁጭ በይ።»

ስለ ገበያው ስጠይቃቸው ስለ ሸቀጥ አላወሩኝም። ተነስተው በጓሮ በኩል ወሰዱኝ። አጥሩ ጥግ አንድ የወይራ ጉማጅ መሬት ውስጥ ተተክሏል። ቁመቱ እስከ ወገቤ ይሆናል። አናቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መሀሉ ግን እንደ ሴት ወገብ ቀጥኗል፤ ዙሪያውን ለስልሶ ያብለጨልጫል። እጄን አሳለፍኩበት። ጣት የሚያህል ቦይ አለው፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ አምስት ወይም ስድስት።

«የመጫኛ ነው» አሉኝ። «አያቴ ቤት ነጋዴ ያድር ነበር። በቅሎው እዚህ ይታሰራል። ሲጎተት፣ ሲጎተት እንዲህ ሆነ።»

እንጨቱን ትቼ መሄድ አቃተኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቆምኩት ዳስ ሁሉ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ጥሎ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የመጣው። ነጋዴ ለአንድ ቀን አይመጣም አሉኝ። ይሰነብታል። ከማዶ የሚመጣው ቅፍለት እስኪደርስ ይጠብቃል። ዋጋው እስኪመቸው ይጠብቃል። ወንዙ ከሞላ እስኪጎድል ይጠብቃል። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ኋላ መዳብ ይባላል፤ እዚህ ግን በሰነበተ ቁጥር ነው ወርቅ የሚሆነው። ለበቅሎው ገለባና ሣር ይገዛል። ስንቁን የምትፈጭለት ሴት ይፈልጋል። ጠላ ይጠጣል። መጫኛው ሲበጠስ ቆዳ የሚፍቅ፣ ኮርቻው ሲሰበር የሚጠግን፣ አቁማዳው ሲቀደድ የሚሰፋ ሰው ያሻዋል። ደላላ ያሻዋል፣ አስተርጓሚ ያሻዋል። ያመነበት ሰው ቤት ዕቃውን አደራ ያስቀምጣል። አደራ የተቀበለው ሰው ቢክድ ሁለተኛ የሚያምነው ነጋዴ የለም።

አባባ የሸቀጡን ዓይነት እየዘረዘሩልኝ ሳለ አንዱን እንደዘለሉት ገባኝ።

«አባባ፣ ሰውስ?»

ዝም አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ሰውም ይሸጥ ነበር ልጄ። አልክድሽም።»

እኔም አልዘለውም። ከአባይ ማዶ ተይዘው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ ሜዳ ላይ ተሸጠዋል። ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ወደ ባሕር ተነድተው አልተመለሱም። የባሶ ብልጽግና አንዱ እግሩ የቆመው በነሱ ላይ ነው። ያን ሁሉ የጠላና የገለባ ገቢ ስጽፍ ይህ ከጎኑ መጻፍ አለበት።

የመጨረሻው ሚኒባስ መሄዱን ያወቅሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ልሰናበት ስነሳ የቤቱ እመቤት በሩ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው እታለሜ? ማደር ነው እንጂ።»

«እማማ፣ አላስቸግርም።»

«ባሶ መጥቶ ሳያድር የሄደ ሰው አለ?»

ሙቅ ውሃ አምጥተው እግሬን ካላጠብኩ አሉ። ታገልኳቸው፤ አሸነፉኝ። እራት ሽሮ በላን። እንጀራው ማኛ ጤፍ ነው፣ እንደ ነጭ ሐር። ከእራት በኋላ አባባ ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ጠገራ ብር ነው። አያታቸው የተዉላቸው።

እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ ክብደቱ አስገረመኝ። ወደ 28 ግራም ነው። በአንድ ፊቱ ማርያ ቴሬዛ፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር። ዓመቱ 1780 ይላል፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የታተመው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ተጽፎበታል። አባባ ያሳዩኝ ግን ጽሑፉን አይደለም። ጣታቸውን ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ላይ አሳረፉ።

«ቁጠሪው። እነዚህን ነጠብጣቦች። አያቴ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። ከጠፉ ወይም ከጎደሉ ብሩን አይቀበልም።»

ኩራዝ አስጠግቼ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ናቸው። መብራት ጠፍቶ ነበርና ኩራዙ ነው የነበረን። ያቺ ዘጠኝ ነጥብ ከአውሮፓ ማተሚያ ተነስታ እዚህ ጓዳ ድረስ የምትታመነው የሚቆጥራት ሰው ስላለ ነው።

መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎልኝ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን ቶሎ አልመጣም። እኔ የምሠራበትን ባዛር አሰብኩ። ገዢው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ማታ ታክሲ ይዞ አዲስ አበባ ቤቱ ይገባል። ሻጩም እንዲሁ። ገንዘቡ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ይዞራል እንጂ የሚያድር የለም። ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ማማው አይደለም ሥራውን የሠራው። አልጋው ነው። እዚህም ባሶን ያቆማት ያ የወይራ እንጨት ነው።

ጥር 16፣ ከየጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ

ጠዋት ከአባባ ጋር ወደ ከፍታው ወጣን። በአባይ በኩል በረሃው በጭጋግ ተሸፍኗል። ማዶው ጉድሩ ነው።

ባሶን ምን አደከማት? ጦርነት አወደማት የሚል መልስ ጠብቄ ነበር። ነገሩ ከዚያ የረቀቀ ነው። በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው በጎጃምና በከፋ ላይ አነገሡ። ከአባይ ማዶ ያለው የንግድ ምንጭ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ጎጃምንና ሸዋን አጋጨ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ የማዶው አገር በምኒልክ እጅ ገባ። ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ አባይን ተሻግሮ ወደ ሰሜን መምጣቱን እየቀነሰ ወደ ሸዋ መጉረፍ ያዘ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ አለቀ። ከጅማ ለሚነሳ ቡና ጎንደርን አልፎ ምጽዋ መውረድ ምን ይጠቅመዋል?

ገበያው አልተቃጠለም፣ አልተዘጋም። አላፊው ቀረ። ወንዝ አቅጣጫ ሲቀይር አሮጌው መውረጃ እንደሚደርቅ ማለት ነው። የመኪና መንገድ ሲመጣም በደብረ ማርቆስ አለፈ። የጁቤ የወረዳ ከተማ ሆና ቀረች። ደብረ ማርቆስ ደግሞ መናኸሪያ በሯ ላይ «አልጋ አለ» የሚሉ ልጆች ኖሯት።

ስሰናበት እማማ አንድ ኪሎ የሚሆን ነጭ ማር አስያዙኝ። ብር ላወጣ ስል ተቆጡኝ።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ገበያው ደርቶ ነበር። ጤፍ በጆንያ፣ ኑግ፣ ጥጥ፣ ቆጮራ፣ ዶሮ በእግሯ ታስራ፣ የቻይና ባትሪ፣ የፕላስቲክ ጫማ። ሰርገኛ ጤፍ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ቆሜ ዋጋ ጠየቅሁ። ከአባይ ቆላ እንደመጣች ነገረችኝ።

«ዛሬ ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«ዬት! ደንበኛዬ ቤት አድራለሁ።»

ደንበኛዋ ማን እንደሆነች ጠየቅኳት። የከተማ ሴት ናት። ጤፏን ትገዛታለች፤ ከተረፋትም እስከሚቀጥለው ገበያ ታስቀምጥላታለች። ለልጇ ደብተር ሲያስፈልግ ታበድራታለች። ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም። የአባባ አያትና የጎንደሩ ነጋዴ የነበራቸው ነገር ይኸው ነው። ባሶ ደከመች ስል የቸኮልኩ መሰለኝ። አንድ የንግድ ልማድ ከሜዳው ተነስቶ ሌላ ሜዳ ላይ አርፏል።

ጥር 17፣ ቡሬ

ስለዚህ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርገን ቡሬ ገባን። ጎማ ሁለት ጊዜ ተነፈሰብን። ቡሬ ላይ በስልክ የያዝኩትን አልጋ ለሌላ ሰው ሰጥተውት ደረስኩ፤ ማታ በባጃጅ ስዞር ቆይቼ ሌላ አገኘሁ። ማደሪያ ማጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሰዓት በቂ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልመዝግብ። ቡሬ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው አባይን ተሻግሮ ወለጋ፣ ነቀምት ይወጣል። ከመገንጠያው አጠገብ በርበሬ የጫኑ፣ በቆሎ የጫኑ አይሱዙዎች ተሰልፈዋል። ሹፌሮቹ እየበሉ ነው። የማዶው ዕቃና የወዲህኛው ዕቃ እንደገና ተገናኝቷል። በዙሪያው ምግብ ቤት፣ ጎሚስታ፣ አልጋ ቤት። መገንጠያው ከነገ ወዲያ ወዴት እንደሚያሳድጋት ማየት እፈልጋለሁ።

ጥር 18፣ ባሕር ዳር

በዳንግላና በመራዊ አልፈን ባሕር ዳር ገባን። ዘንባባዎቹ፣ ሰፊው አስፋልት፣ ጣና። አባይ ከሐይቁ ሲወጣ ካለው አሮጌ ድልድይ ወዲያ አዲስ ድልድይ እየተሠራ ነበር።

ይህች ከተማ ከስልሳና ሰባ ዓመት በፊት ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመላት። በ1955 የሶቪየት ኅብረት ስጦታ የሆነው ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። ሠራተኛና ተማሪ መጣ። ቀጥሎ የክልል ከተማነት መጣና ቢሮ፣ ስብሰባና ሆቴል አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ መሪዎችና ምሁራን ስለ ሰላምና ደኅንነት የሚነጋገሩበት ጣና ፎረም እዚህ መካሄድ ጀመረ።

የያዝኩበት ማረፊያ አንሶላ የምታጥበው ሴት ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ፎረም ሲኖር ሥራዋ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። እጇን ከአንሶላው ሳታነሳ ነገረችኝ።

«ያኔማ እኔ ብቻ አልችለውም። እኅቴን እጠራለሁ፣ ጎረቤቴን እጠራለሁ። ዓሣ የሚያመጣው ልጅ በቀን ሦስቴ ይመላለሳል። ባጃጁ፣ ጀልባው፣ ሁሉ ሥራ ነው። ሰው አዳራሹ ውስጥ ሲያወራ እኛ እዚህ እናጥባለን።» ፈገግ አለች። «በዚያ ገንዘብ ነው የቤቴን ጣራ የለወጥኩት።»

ስንት ቆርቆሮ እንደገዛች ቆጥራ ነገረችኝ። አሥራ አራት። ስብሰባው ምን ወሰነ ብዬ አልጠየቅኳትም። ደብተሬ ላይ አሥራ አራት ቆርቆሮ ብዬ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ስመለስ ባዛር ለሚያዘጋጁት ሰዎች መጀመሪያ የማነሳው ይህን ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ ሸማኔና ማር ሻጭ ስንጠራ ዳሱን ብቻ አናስብ። ማታ የት ያድራል? ማን ቤት? ደንበኛ የሚሆነው ማን ነው? ዳሱ ከተነቀለ በኋላ እንደገና የሚመጣው በማን በኩል ነው?

ማታ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁት። የየጁቤዋ እማማ ናቸው፤ በልጅ ልጃቸው ስልክ።

«እታለሜ፣ ገባሽ ወይ?»

«ገባሁ እማማ፣ ባሕር ዳር ነኝ።»

«ማደሪያ አገኘሽ?»

«አዎ፣ ጥሩ ነው።»

«ማሩ አልፈሰሰም?»

«አልፈሰሰም።»

ከኋላቸው የአባባ ድምፅ ይሰማል። አንድ ነገር ንገሪያት ይላሉ። እማማ ሰሙና ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«ለፋሲካ ከመጣሽ መደቡ ያንቺ ነው ይልሻል።»